ዋናው በር ላይ

(በአንዲት የሰሜን ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ዋናው በር ላይ፤ ወይዘሮ ውብዓለም እህታቸው ስትሞት ተቀብለው ያሳደጓትን የፈንታነሽን አስከሬን ሊቀበሉ ለቀስተኛ አስከትለው መጥተዋል፤ ተረኛው ፖሊስ ሳጅን ይርሳው በሩን ቆልፎ ከፊታቸው ቆሟል።)

ውብዓለም፦ እኛ እኮ ሠርግ ልናይ አልመጣንም! ክፈትልንና እንግባ አልኩህ!

ይርሳው፦ እትዬ፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎ? ሁለት ሰው ብቻ ይገባል፤ እሱም በኋላ በር። የቀረው ለቀስተኛ ይመለስ።

ውብዓለም፦ የኋላ በር የምትለው ያ ቆሻሻ የሚወጣበት ነው?

ይርሳው፦ ዕቃም ይወጣበታል።

ውብዓለም፦ ፈንታነሽ ወደ ቤይሩት ስትሄድ በዚህ በር ነው የገባችው። እዚችው ጋ አቅፌ ስሜ ሸኝቻታለሁ። ያኔ ማንም "በጓሮ ዙሩ" አላለንም።

ይርሳው፦ ያኔ ግቢው አልተከራየም ነበር።

ውብዓለም፦ ምን አልክ?

ይርሳው፦ አዳራሹም፣ መኪና ማቆሚያውም፣ ይሄ አበባ የተተከለበትም ለአንድ ባለሀብት ተከራይቷል። ምግብ ቤትና የእንግዳ ማረፊያ ሠርቶበታል። ዛሬ ይመረቃል። እንግዶቹ ደግሞ በዚሁ አሁን በሚደርሰው አውሮፕላን ነው የሚመጡት።

ውብዓለም፦ ከእሷ ጋር?

ይርሳው፦ ከእሷ ጋር። እነሱ ከላይ፣ እሷ ከታች።

ውብዓለም፦ ይሄ የምሰማው ከበሮ ታዲያ...

ይርሳው፦ የባህል ቡድን ነው፤ እንግዳ ሊቀበል። ይረዱኝ እንጂ እትዬ፤ እነሱ እስክስታ እየወረዱ እናንተ ደረት እየመታችሁ፣ እንዴት ይሆናል?

ውብዓለም፦ እነሱ ይተዉታ! ሬሳ ሲያልፍ ዘፈን ሲቆም አላየህም? እናትህ ይህን አላስተማረችህም?

ይርሳው፦ አስተምራኛለች። እኔ አይደለሁም ያዘዝኩት፤ አስተዳደሩ ነው።

ውብዓለም፦ አንተ የማን ነህ?

ይርሳው፦ ፖሊስ ነኛ። የመንግሥት።

ውብዓለም፦ መንግሥት ግቢውን ሲያከራይ አንተንም አብሮ አከራየህ?

ይርሳው፦ ይህን እንዳልሰማሁ ልለፈው።

ውብዓለም፦ አትለፈው። ሰምተህ መልስልኝ።

ይርሳው፦ እትዬ ውብዓለም! ደንብ አለ። በአውሮፕላን ማረፊያ ግቢ ተሰብስቦ መጮህ ክልክል ነው። የፀጥታ ጉዳይ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።

ውብዓለም፦ ከበሮው ጩኸት አይደለም?

ይርሳው፦ እሱ ፈቃድ አለው።

ውብዓለም፦ ለለቅሶስ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? ንገረኝና ሄጄ ልለምነው።

ይርሳው፦ የለም።

ውብዓለም፦ ሰጪው ነው የሌለው፣ ፈቃዱ?

ይርሳው፦ ሁለቱም። ይልቅ ያ አጥሩ ሥር የተቀመጠው ሰውዬ ማነው? ከመጣችሁ ጀምሮ አፈር እየዘገነ ይበትናል። ሽቦው አጠገብ መቀመጥ አይፈቀድም፤ ያንሱት።

ውብዓለም፦ አባቷ ነው። አላምረው ይባላል። ማንሳቱን ደግሞ እናንተ ታውቁበታላችሁ፤ አንዴ አንስታችሁታል።

ይርሳው፦ ከየት?

ውብዓለም፦ ያ አውሮፕላን የሚያርፍበት የማን እርሻ ይመስልሃል? ጤፉ ገና ሳይታጨድ ነው ኮሚቴ የመጣው። "ኤርፖርት ይሠራበታል፣ ለሕዝብ ጥቅም ነው" አሉን። አላምረውም "ለሕዝብ ከሆነማ ይሁን" አለና በሬዎቹን ፈትቶ ወጣ። መሬቱ ሲሄድ ልጅቱ ምን ይዛ ትቀመጥ? ዓረብ አገር ሄደች። ይኸው ዛሬ የአባቷ ማሳ ላይ ልታርፍ ነው፣ በሳጥን።

ይርሳው፦ ይህን አላውቅም ነበር።

ውብዓለም፦ እኛም አላወቅንም። ሕዝብ ሲሉ እኛን መስሎን ነበር።

ይርሳው፦ እኔ እኮ አምና ተዛውሬ ነው የመጣሁት...

ውብዓለም፦ ብታውቅስ ትከፍት ነበር?

ይርሳው፦ ልጆች አሉኝ። የሚበሉት በዚህ ልብስ ነው።

ውብዓለም፦ ያሳድግልህ። የእኔን ልጅ ግን በጥራጊ በር አላስወጣትም።

ይርሳው፦ አንድ ነገር ልበል? አስፋልቱን ተሻግራችሁ ቁሙ። ከዚያ ወዲያ የከተማው ፖሊስ ነው፤ የእኔ ሥልጣን እዚህ ያበቃል። እዚያ ሆናችሁ እንደ ልባችሁ አልቅሱ። መኪናው በኋላ በር ወጥቶ ዞሮ ያመጣላችኋል።

ውብዓለም፦ እሷ እዚህ ስትወርድ እኛ እንደ መንገደኛ ማዶ ቆመን እንይ?

ይርሳው፦ ሌላ የማውቀው ዘዴ የለም።

ውብዓለም፦ እንዴት እንደሞተች ልንገርህ? አሠሪዎቿ "ከፎቅ ወደቀች" አሉ። በቃ፣ ወደቀች። ማን ገፋት፣ ምን አስመረራት፣ የጠየቀ የለም። ክረምቱን ሙሉ ሬሳዋ በረዶ ቤት ከረመ። በዚያ አገር አንድ ሰው "ወይኔ" አላለላትም። እዚህም ስትወርድ የሚጮህላት ካጣች፣ የመጣችው ወዴት ነው? አገሬ የምትለው ይሄንን ነው?

ይርሳው፦ ይሰማዎታል? መጣ። እያረፈ ነው።

ውብዓለም፦ ፈንታዬ! የእኔ እናት! ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረሽ በር ተዘጋብሽ!

ይርሳው፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ሬዲዮ ነው። አቤት ጌታዬ! ... አዎ፣ በሩ ላይ ናቸው። ... በኃይል? ጌታዬ፣ አብዛኞቹ እኮ አሮጊቶች ናቸው። ... ሰምቻለሁ።

ውብዓለም፦ ምን አለህ?

ይርሳው፦ አለቃዬ ነው፤ እንግዶቹ ሳይወርዱ በሩን አፅዳ አለኝ።

ውብዓለም፦ አፅዳ? እንዲህ ነው ያለው?

ይርሳው፦ እንዲህ ነው ያለው።

ውብዓለም፦ እንግዲያው ከእኔ ጀምር። ይኸው ቆሜያለሁ፤ ዱላህን አውጣው።

ይርሳው፦ እንደገና እየጠራኝ ነው። አቤት ጌታዬ። ... አላባረርኳቸውም። ... እዚህ የቆሙት ሐዘንተኞች ናቸው፤ ወንጀል የሠራ ሰው አላየሁም። ... አዎ፣ ምን እንደምል አውቃለሁ። ... ለማን ላስረክብ? ... እሺ ጌታዬ፣ ይምጣ።

ውብዓለም፦ ምን አደረግህ አንተ ልጅ? የሚበሉ ልጆች አሉኝ አላልከኝም?

ይርሳው፦ አሉኝ። አሁን ሰዎቹን ይጥሯቸው፤ አባትየውንም ደግፋችሁ አስገቡት። ፈጠን በሉ እትዬ፤ የሚተካኝ ፖሊስ እስኪደርስ ቁልፉ በእኔ እጅ ነው።