አሥራ አንድ አንዶችን የረቱት ሰው

የተወደዳችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ፀሐዩ ሳይጠነክርባችሁ፣ በእኔ በታናሽ ወንድማቸው እጅ የተጻፈውን፣ ፊደሉ ቢወላገድም እውነቱ ያልተወላገደውን የታላቅ ወንድማችንን የሕይወት ታሪክ በትዕግሥት ስሙ።

ታላቅ ወንድማችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወልደው፣ አራተኛ ክፍል እንደ ደረሱ አባታቸው ስለሞቱ ትምህርቱን ትተው ሴራሚክ ማንጠፍ ጀመሩ፤ አርባ ስድስት ዓመት ተንበርክከው ሲሠሩም የክፍሉን ስፋት አስቀድመው በልባቸው ስለሚያካፍሉት፣ እሳቸው ካነጠፉት ቤት ስባሪ አይወጣም ነበር። በሠላሳ ዓመታቸው ትዳር ይዘው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ።

ትልቁ ትግላቸው የተጀመረው በአንድ ሕንፃ ሥራ ላይ መሐንዲሱ አሥራ አንድ ጊዜ አንድን ደርድሮ 11,111,111,111 ብሎ ጽፎ፣ «ይህን ያህል ሴራሚክ ቢሰጥዎት፣ ከአንድ ረጅም መስመር በቀር ምንም ሳይተርፍ የሚሞላ ክፍል አያገኙም» ባላቸው ቀን ነው። እሳቸውም «በር ይኑረው አይኑረው እኔው ዞሬ አየዋለሁ» ብለው፣ በየምሳ ዕረፍቱ በካርቶን ጀርባ ላይ በሦስት፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ፣ እንዲህ እያሉ ራሳቸው በማይከፈሉት ቁጥሮች ሁሉ ያካፍሉት ጀመር። አንዶቹ እንዳይጠፉባቸውም በአሥራ አንድ ሴራሚክ ላይ አንድ አንድ ጽፈው ቤታቸው መደርደሪያ ላይ ሰደሯቸው፤ ቁጥሩንም ከዚያ እያዩ ካርቶን ላይ ይገለብጡ ነበር።

በሦስተኛው ወር «በአርባ አንድ ተከፈለ!» እያሉ ሥራ ቦታ ደረሱ። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ፤ መሐንዲሱ ግን ካርቶኑን ተቀብሎ ቢቆጥር አንዶቹ አሥር ብቻ ናቸው። ለካ ባለቤታቸው አንዱን ሴራሚክ ለትኩስ ድስት ማስቀመጫ አንሥተውት ኖሯል! ከዚያ ወዲያ «ጋሽ አርባ አንድ፣ ድስቱ ወረደ ወይ?» የማይላቸው አልነበረም። ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰነበቱና «እኔ ያጎደልኩትን እኔው እቆጥራለሁ» ብለው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ካርቶን በጣታቸው ሳይቆጥሩ አላለፉም።

ዘጠኝ ዓመት ሄደ። ከሁለት ሺህ በላይ ቁጥር ተሞክሮ ሁሉም ትርፍ እያስቀረ አለፈ። እግዚአብሔር ይመስገንና በ21,649 ሲያካፍሉት ትርፉ ባዶ ሆነ፤ 21,649 ረድፍ፣ በየረድፉ 513,239 ሴራሚክ ማለት ነው። ባለቤታቸው ሦስት ጊዜ ቢቆጥሩ አንዶቹ አሥራ አንድ! በማግስቱ በዘጠኙ ዓመት ፀጉሩ የሸበተው ያው መሐንዲስ ራሱ አባዝቶ ካየ በኋላ ሄልሜቱን አውልቆ «ተረታሁ ጋሼ» አላቸው፤ ሠራተኛውም በትከሻው ተሸክሟቸው ያን ጊዜ የሚሠሩትን ሕንፃ ዞረ።

ዘንድሮ የሲሚንቶው ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት አልጋ ላይ ሳሉ፣ መምህርት የሆነችው ልጃቸው «አባዬ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ደግሞ ራሳቸው ቢከፈሉስ? አልሞከርካቸውም እኮ» ብትላቸው፣ ከት ብለው ስቀው፣ «እነሱን የሚከፍል ትንሽ ቁጥር ቢኖር ትልቁንም ይከፍለው ነበር፤ ትንንሾቹን ደግሞ አንድ በአንድ ጠይቄ ነው የመጣሁት። በቃ ልጄ፣ አልቋል!» አሏት። በሦስተኛው ቀን ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን የሚያነበውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፍጥረቱን ሁሉ ቆጥሮ የማይሳሳት አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ እኛም አናቀርቅር፣ የምንሸኘው የረታ ሰው ነውና። አሜን።