ማሳ ውስጥ የቀበርኋት ማኅተም

በጣሊያን ጊዜ ቡሬ ካለው የዱቄት መጋዘን ጆንያ እሸከም ነበር። ኀላፊው ሽማግሌ ጣሊያን ነው፤ ቁጡ ነው፣ ክፋት ግን የለበትም። አንድ ቀን ከክብሪት ቀፎ ባቄላ የምታክል የእርሳስ ማኅተም አውጥቶ አሳየኝ።

«የጥንት ሮማውያን ዕቃ ያሸጉባት ናት» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። «ፊቷን ተወው፣ ጀርባዋን እይ። አስመስሎ የሚሠራ ሰው ፊቷን ያሳምራል፤ የገመዱን መንገድ ይረሳል።» እውነትም ገመዱ ያለፈበት ቦይ ከነፈትሉ ይታያል።

«ከየት አገኟት ጌታዬ?»

«የጥንት ወታደሮቻችን ከገዙት ሩቅ አገር። ገበሬ ሲያርስ ነው ያወጣት።»

«ወታደሮቹስ?»

«ሄዱ» አለና ማኅተሟን ወደ ክብሪት ቀፎዋ መለሳት። «ከአራት መቶ ዓመት በኋላ።»

በዚያው ሳምንት ጣሊያኖቹ የዱቄት ጆንያ ከሚያሽጉባቸው የእርሳስ ማኅተሞች ወድቃ ያገኘኋትን አንዷን ይዤ ጅጋ አጠገብ ወዳለው አገሬ ሄድሁና የአባቴ ማሳ ውስጥ ጉድጓድ ማስኩ። አባቴ በሬዎቹን አቁመው «ምን እየዘራህ ነው?» አሉኝ።

ያየሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። «እነዚህም ሄደው ማኅተማቸውን ማረሻ ያውጣው ብዬ ነው» አልሁ። «ግን አራት መቶ ዓመት ማን ይጠብቃል?»

«ጤፍስ ዛሬ ተዘርቶ ዛሬ ይታጨዳል?» አሉ አባቴ። «ይልቅ አፈር አልብሳት።» አለበስኋት።

ጣሊያኖቹ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆዩም። ያን ማሳ ዛሬም የማርሰው እኔ ነኝ። ማኅተሟን ማረሻዬ ገና አላገኛትም፤ ያሸጉባት ግን ከሄዱ ቆዩ።