የደሳለኝ የጄሶ መንጋጋ

ክቡራትና ክቡራን፣ ለዚህች ዳቦና ለደፋሩ ልባችሁ አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ደብረ ታቦር ውስጥ እንዲህ ተሰብስቦ መገኘት ቀላል ነገር አይደለም። ጣሊያኑ ሐኪም ከምሳ ሳይመለስ ላሳጥረው።

ከብር አንጥረኛ ሥራዬ ጎትተው እዚህ ጥርስ ቤት ሲያስገቡኝ የሰጡኝ ጄሶ ነው። ውሃ ሲነካው ሊጥ፣ ትንሽ ቆይቶ ድንጋይ። በጉና ተራራ ብርድ መጠንከሩ ሲዘገይብን ጨው ጣል እናደርግበታለን። ሲጠነክር ይሞቃል፣ ጥቂትም ያብጣል። አንዴ ከጠነከረ ግን ውሃ ውስጥ ቢያሳድሩት ወደ ሊጥነቱ አይመለስም። ሊጡን ጥርስ ላይ ለጥፈን ሲጠነክር እናወጣዋለን፤ ከአፍ በወጣው ቅርፊት ውስጥ ሌላ ጄሶ ስናፈስበት የሰውየው መንጋጋ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አዲስ ጄሶ በመጣ ቁጥር የሚሞከረው በማን አፍ ነበር? በእኛ በሠራተኞቹ፣ በእናንተና በእኔ! በረኛችን ደሳለኝ ከአፉ ሲያወጡለት፣ «ጀማል፣ ምድጃ አጎረስከኝ እኮ!» ሲለኝ ሁላችሁም ስቃችኋል። ሚስቱ እቴነሽም አንሶላ እያጠበች ሰምታ ሳቀች። ይኸው እዚህ አለች፤ ተናገረው ብላኛለች።

ከዚያ «ጎንደር ሥራ አለ» ብለው በመኪና ወሰዱት። ስንጠይቅ «ወደ ሽፍቶቹ ኮብልሏል» አሉ። እቴነሽ ክረምቱን ሙሉ አላለቀሰችም። በሕይወት ላለ ሰው እንዴት ይለቀሳል?

መስከረም ላይ ጎርፍ በሸረሸረው ገደል ሥር አጥንት ተገኘ። አባ ሀብተማርያም «ማንነቱን ሳላውቅ ፍትሐት በማን ስም ላድርስ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የደሳለኝን ጄሶ በጋቢዬ ደብቄ ሄድኩ። የተሸረፈው የፊት ጥርስ፣ ወደ ውስጥ የዞረው ክራንቻ፣ ሁሉም ገጠመ። ጄሶው ብቻ የፀጉር ያህል ይበልጣል።

እቴነሽ «ምነው ተለቀ?» አለችኝ።

«ሲጠነክር ያብጣል» አልኳት። ያኔ ነው የጮኸችው። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። አባም ስሙን ጠርተው ፈቱት።

ሐኪሙ ይህን ሰማ። መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ ተወቅጦ እንዲጣል አዘዘኝ። እኔንም ነገ በመኪና ወደ ጎንደር ይልኩኛል። ሥራ አለ ብለዋል።

የወቀጥኩት የተበላሸውን ጄሶ ነው። የእናንተ መንጋጋ ከሥሩ ስማችሁ ተቀርጾበት፣ እርጥበት የማይደርስበት ቦታ ተቀምጧል። የት እንደሆነ እቴነሽ ታውቃለች። የእኔም አብሮ አለ። ለባለቤቴ ለፋጡማ ነግሬያታለሁ፤ ያለችኝን እዚህ አልደግመውም።

በሉ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አላህ ያቆያችሁ። ልጆቻችሁን ድራችሁ፣ የልጅ ልጅ አቅፋችሁ፣ ጥርሳችሁ በእርጅና ይርገፍ። ያ ጄሶም ፈላጊ አጥቶ አቧራ ይልበስ።

ለእኔም አሜን በሉልኝ።