የአቶ ሌስተር ትሬዛይስ ሁለት ዘፈኖች፦ ቀርፋፋውና ጯሂው

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከአዴላይድ ድረስ ሌሊቱን ስትነዱ ያደራችሁም፣ እዚሁ ፖርት ሊንከን ከወደቡ ብቅ ብላችሁ ወንበር አጥታችሁ በር ላይ የቆማችሁም፣ የወንድሜን የአቶ ሌስተር ትሬዛይስን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ እኔ ታላቅ እህታቸው ቤሪል ነኝ። መነጽሬ አርጅቷል፣ ትዕግሥቴም አጥሯል፤ ስለዚህ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

አቶ ሌስተር ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ዊልፍሬድ ትሬዛይስና የዚህን ቤተ ጸሎት ኦርጋን እስከ እርጅናቸው ከተጫወቱት ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢዲት በ1952 ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በከተማው ትምህርት ቤት ገብተው ንባብና ስሌት ቢማሩም፣ ልባቸው ከጊታራቸው ጋር ስለ ነበር፣ ዐሥራ አምስት ዓመት እንደ ሞላቸው ደብተራቸውን ጥለው በአባታቸው ጀልባ ላይ ተሳፈሩ።

በሳምንቱ መጨረሻ ከታናሽ ወንድማቸው ከክላይቭ ጋር በወደቡ መጠጥ ቤት የሌሎችን ዘፈን ይጫወቱ ነበር። እንዳለ መድገም ግን አይወዱም ነበርና፣ ለስላሳውን ወስደው ሜታል በሚባለው ጯሂ የጊታርና የከበሮ ስልት ያስጮኹታል፣ ጯሂውን ወስደው እንደ እሹሩሩ ያባብሉታል፤ ጠጪውም ባንኮኒው ላይ ተደግፎ "ከመጀመሪያውና ከእነሱ የቱ ይበልጣል?" እያለ ሲሟገት ያመሻል። ያኔ አቶ ሌስተር "ማን ቀድሞ ዘፈነው አትበሉኝ፤ የቱ ነው እውነቱን የተናገረው በሉኝ" ይሉ ነበር። ሥጋ ሻጩ ኖርም "አንተማ ብትለቀቅ መዝሙሩንም በከበሮ ታስጮኸዋለህ!" ሲላቸው እናታችን ሰምተው "ኦርጋኔን የነካ እንደሆነ እጁን እቈርጠዋለሁ!" ብለው ነበር። "ምነው አፌን በቈረጠው!" እያሉ በኋላ ይህን ባስታወሱ ቍጥር ያለቅሱ ነበር።

በ1975 በብርድ ወራት፣ አባታችን መሪውን ይዘው፣ የዐሥራ ሰባት ዓመቱ ክላይቭ ዓሣውን እየለየ፣ አቶ ሌስተር መረቡን ሲያስጐትቱ፣ ሞተሩ የሚጠቀልለው ገመድ ግራ እጃቸውን ይዞባቸው ሄደ። አባታችን ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ "ገመዱን ልቀቅ! ልቀቅ አንተ ልጅ!" እያሉ ጮኹ። ሞተሩ ሲጠፋ ከግራ እጃቸው የቀሩት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ብቻ ነበሩ። ጊታር የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል፤ ክሮቹን የሚጫነው ያ እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ አቶ ሌስተር ሁለት ዓመት ያህል ሰው ሳያናግሩ ኖረው፣ በቀሩት ሁለት ጣቶች አንድ ዘፈን አወጡ፤ ስሙንም "ገመዱን ልቀቅ" አሉት። በዚሁ ቤተ ጸሎት፣ አሁን ሣጥናቸው ባረፈበት ቦታ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሁለት ክር ብቻ እየተንፏቀቁ፣ ቃሉን ግማሹን እያንሾካሾኩ በካሴት ቀዱት። የሬዲዮ ሰዎች "እንዴት ያለ ትዕግሥት! እንዴት ያለ ጸጥ ያለ ኀዘን!" አሉ። አቶ ሌስተርም ሲመሰገኑ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኛም ትሕትና ነው ብለን አለፍነው።

በ1980 ከወይዘሮ ጆስሊን ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ካሪንን አፈሩ፤ ጀልባውን ትተውም መረብ በመጠገን ሥራ ጡረታ እስኪወጡ ኖሩ። በሁለት ጣት እንደ እሳቸው ቋጠሮ የሚቋጥር ሰው በዚህ ወደብ አልታየም።

ክላይቭ በበኩሉ አዴላይድ ሄዶ ከአንድ የሜታል ባንድ ጋር ተቀላቅሎ ነበርና፣ በ1986 ስልክ ደውሎ "ሌስ፣ ዘፈንህን እንጫወተው?" ብሎ ጠየቃቸው። "እንደፈለግህ" አሉት። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ክላይቭን ሌባ የምትሉ አፋችሁን ሰብስቡ። በሁለት ጊታርና ቤት በሚነቀንቅ ከበሮ እያጋለበ ያንኑ ዘፈን ተጫወተው፤ አቶ ሌስተር "ገመዱን ልቀቅ" ብለው ያንሾካሾኩበት ቦታ ላይ ሲደርስ ክላይቭ ጉሮሮው እስኪቀደድ ይጮኸዋል። አገር አወቀው፤ ባሕር ማዶም ተሻገረ።

አቶ ሌስተር በወደቡ መጠጥ ቤት መጀመሪያ የሰሙት ቀን ቢራቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ክላይቭ ደስ ብሏቸው እንደ ሆነ ሊጠይቅ ሲመጣም በር ላይ ቆመው "እሱንም ወሰድከው? ሌላ ምን ቀረኝ?" ብለው ዘጉበት። ያ በር በሕይወት ሳሉ ዳግመኛ አልተከፈተም። በእናታችን ቀብር እንኳ አንዱ ከጕድጓዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ቆመው ነበር፤ እኔም መሐል ቆሜ ሁለቱንም በጃንጥላዬ ማለት አምሮኝ ነበር።

ከተማውም ለሁለት ተከፈለ። ሽማግሌው "ክላይቭ ያንን የመሰለ ዘፈን ገደለው" ይላል። ወጣቱ ደግሞ አቶ ሌስተር ሲጫወቱት ሰምቶ "ሰውየው የክላይቭን ዘፈን እያንቀላፉ ነው እንዴ የሚዘፍኑት?" ይላል። ክላይቭን ግን ነገሩ ልቡን ሰበረው። ሕዝቡ በስሙ እየጠራ ቢለምነውም ያን ዘፈን መጫወት እርግፍ አድርጎ ተወ። ለእኔ በደወለ ቍጥር የገናን ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ "ቤሪል፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ አበላሸሁበት?" ይለኛል። ምን ልበለው? እኔ ኦርጋን እንጂ ከበሮ የማላውቅ ሴት።

አቶ ሌስተር ባለፈው ዓመት የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ሲረዱ ቈይተው "ቤቴ ልሙት" ብለው ተመለሱ። ክላይቭ መጥቶ መኪናው ውስጥ ሆኖ ከደጃፉ ዋለ፤ "አይግባ" አሉ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ "ቤሪል፣ የክላይቭን ክፈችልኝ" አሉኝ። የታመመ ሰው ነው ብዬ ዝቅ አድርጌ ከፈትሁት። "ከፍ አድርጊው እንጂ! ከበሮው መቼ ተሰማ?" አሉኝ። ከፍ አደረግሁት። ግራ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ወጥታ ትሮጥ ጀመር፤ ሁለቱም ጣቶች፣ የሌሉትም ሦስቱ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቦታቸውን እየያዙ ይሮጡ ነበር።

ያን ጊዜ የተናገሩትን እንዳለ አነብላችኋለሁ፤ አደራ ብለውኛልና።

"ሰው ሁሉ ቀርፋፋውን ኦሪጅናል ይለዋል። እሱን ያዘገየው የጣቴ ጕድለት ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። አባባ ያን ቀን ገመዱን ልቀቅ ያለኝ በሹክሹክታ ነው እንዴ? ጮኾ ነው እንጂ! እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ስሰማው የኖርሁት ይሄንን ነው፤ ከበሮው ሞተሩ ነው፣ ጩኸቱ አባባ ነው። ክላይቭ ጀልባው ላይ ነበር፤ ሰምቷል። አላበላሸውም። እኔ ያቃተኝን በትክክል ስለ ሠራው ነው ያኰረፍሁት።"

"ታዲያ አንተ ግትር፣ ለምን አትነግረውም? አሁን ልደውልለት!" አልኋቸው።

"አፍራለሁ" አሉ። "ዐይኑን እያየሁ አልችልም። ሣጥኔ ውስጥ ተጋድሜ ሳለሁ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ንገሪው።"

ተናደድሁባቸው፤ አሁንም እዚህ ቆሜ ተናድጃለሁ። በአንዲት ቃል የሚያልቅ ነገር ሁለት ሰው ዕድሜ ልክ ሲያሳርር! ግን አደራ አደራ ነው፤ ይኸው ተናገርሁ። ክላይቭ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ፊትህን በባርኔጣህ የሸፈንኸው፣ ሰምተሃል? አላበላሸህም።

አቶ ሌስተር በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጆስሊንን፣ ልጃቸውን ካሪንን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ እኔን እህታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ክላይቭን ትተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዐረፉ። ሣጥኑ ሲወጣ ይሰማልኝ ያሉት ጯሂውን ስለ ሆነ፣ ቄሱ ፈቅደዋል፤ አክስት ሜቪስም ጆሮዎን ይያዙ።

እንደ ቤታችን ልማድ ዓሣ አጥማጅ ወደ ማረፊያው የሚወርደው በጀልባው ገመድ ነው። ሦስት ገመድ ነው፣ ስድስት ሰው ይይዘዋል። አምስት ሰው ብቻ ተጠርቶ ስታዩ ቤሪል መቍጠር ጠፋት ብላችሁ ይሆናል፤ አልጠፋኝም። በግራ በኩል የፊተኛውን ጫፍ ማንም እንዳይነካው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ባሕርንና ዓሣውን የፈጠረ አምላክ የወንድማችንን ነፍስ በሰላም ወደብ ያሳርፍልን፤ ኵርፊያቸውን ይቅር ብሎ ያን ግራ እጃቸውን ሙሉ አድርጎ ይመልስላቸው። ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን፤ አሜን።

ክላይቭ፣ ና። ገመዱን ያዝ።