ስለ ዕድሩ ኮምፒውተርና ስለ አቶ አጥናፉ መውደቅ የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ፍሬአብ ልዑልቃል ወዳጆ
ዕድሜ፦ 43
የትዳር ሁኔታ፦ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባት
ሥራ፦ የኮምፒውተር ጥገና
የመኖሪያ አድራሻ፦ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ
የሥራ አድራሻ፦ ባምቢስ አካባቢ፣ ሕንፃ ምድር ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለችው፦ ረዳት ሳጅን ሰብሊ ሃብተአብ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ሰኞ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. አቶ አጥናፉ የተባሉት ግለሰብ በሱቄ ውስጥ ተገፍተው ስለወደቁበትና በማግሥቱ ስላረፉበት ሁኔታ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። መርማሪዋ ከሰኞ ጀምር ብላኝ ነበር። ነገሩ የጀመረው ግን ሰኞ አይደለም። ከጥር 8 ካልጀመርኩ የምሰጠው ቃል ግማሽ ውሸት ስለሚሆን ከዚያ እንድጀምር ለምኜ ፈቅዳልኛለች።

ሟች አቶ አጥናፉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ካዛንቺስ በነበርንበት ጊዜ የእነሱ ቤትና የእኛ ቤት በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡና የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበሩ። ዱሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በየጉራንጉሩ ዞሮ ይለፍፍና ዕድርተኛው ይወጣል። ሰፈሩ ለልማት ተነስቶ ነዋሪው በከተማው ዳር ዳር ሲበተን ጡሩምባው ሥራ ፈታ። ዕድሩም ያበቃለት መስሎን ነበር። አቶ አጥናፉ ግን በሰባ አንድ ዓመታቸው በአውቶቡስ እየተሳፈሩ፣ ከአንዱ ጋራ ሥር ወደ ሌላው እየተመላለሱ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ቤተሰብ አንድ በአንድ ፈልገው አገኙ። አዲሱን ስልክ፣ የብሎክ ቁጥር፣ ከታክሲ ተወርዶ በየት እንደሚኬድ ሁሉ በዕድሩ ላፕቶፕ ላይ በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ጻፉት። ዓመት ከሦስት ወር ፈጅቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት ኮምፒውተሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች ይደውላሉ። ስልካቸው አሮጌ ስለሆነ ያን ሁሉ ቁጥር አይዝም፤ ዕድሩ የቆመው በዚያ መዝገብ ነበር።

አርብ ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4፡30 ገደማ ላፕቶፑን በቦርሳ ይዘው ወደ ሱቄ መጡ። እኔን ዶክተር ብለው ነበር የሚጠሩኝ። "ዶክተር፣ በሽተኛ አምጥቼልሃለሁ፤ ሲፈልግ ይነቃል፣ ሲፈልግ ራሱን ይስታል" አሉኝ። ከፍቼ ሳየው ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ ደርቆ ይቀራል፤ ደጋግሞ ከተጫኑት አንዳንዴ ይነሳል። ለዚህ ዓይነት ሞዴል የታወቀ ችግር ነው። መድኃኒቱ ባዮስ የምንለውን፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነቃውን ውስጠኛ ፕሮግራም በአዲስ መቀየር ነው። ለዚህ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከራሱ ዲስክ ሳይሆን ከፍላሽ እንዲነሳ ማድረግ ያስፈልጋል። እንዲህ ተደርጎ የተዘጋጀውን ፍላሽ ቡተብል እንለዋለን። ቢበዛ የአርባ ደቂቃ ሥራ ነው፤ በሙያዬ ስንት መቶ ጊዜ እንደሠራሁት አላስታውስም።

በዚያ ቀን ጠዋት የሕንፃው አስተዳደር ከ6 ሰዓት ጀምሮ መብራት እንደሚቋረጥ የሚገልጽ ወረቀት በር ላይ ለጥፎ ነበር። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ነው። ባዮስ እየተቀየረ መብራት ከሄደ ኮምፒውተሩ ዳግም አይነሳም። ስለዚህ ያን ቀን የፈራሁት መብራቱን ብቻ ነበር። ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነበር፤ ሌላ የሚፈራ ነገር አለ ብዬ አላሰብኩም።

ከጠዋቱ 5፡10 ሲሆን የአቶ አጥናፉ ስልክ ጠራ። ሱቄ ምድር ቤት ስለሆነ ኔትወርክ አይሠራም። "ሰው አርፎ ነው መሰለኝ፤ መጣሁ" ብለው ደረጃውን ወደ ላይ ወጡ። እኔ የራሴን ፍላሽ ስፈልግ ሁለቱም ሌላ ነገር ተጭኖባቸዋል። ከላፕቶፑ ቦርሳ የጎን ኪስ ውስጥ በጥቁር ክር የታሰረ ፍላሽ አየሁ። አወጣሁና ሰካሁት። የደንበኛን ፍላሽ ከመንካቱ በፊት "የሚፈልጉት ነገር አለው ወይ?" ብሎ መጠየቅ በእኛ ሥራ እንደ ሰላምታ ነው። ማንን አልጠይቅም? የማላውቀውን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። እሳቸውን ግን አልጠየቅኩም፤ የቤት ሰው ናቸው ብዬ፣ ደግሞም ላይ ስለነበሩ፣ ደግሞም ሰዓቱ ስለሄደብኝ። አምስት ደቂቃ ብጠብቅ ይመለሱ ነበር። ቡተብል የሚሠራው ፕሮግራም በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ አሥራ ስድስት ዓመት አንብቤው አላውቅም። አዎ አልኩት።

ከጠዋቱ 5፡45 ላይ ባዮሱ ተቀይሮ አለቀ። መብራቱም አልሄደም። በጣም ደስ አለኝ፤ ይህንንም ይጻፍልኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። አቶ አጥናፉም ተመልሰው "እግዜር ይስጥህ ዶክተር" አሉኝ። ኮምፒውተሩን ሳበራው ሳይደርቅ ተነሳ፤ ነገር ግን ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ አርባ ስምንት አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ጠየቀ። ለካስ አንድ የዕድርተኛ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ የሰው አድራሻ በሌባ እጅ እንዳይገባ ብሎ ዲስኩን ቆልፎት ኖሯል። በአዘቦት ቀን ቁልፉ ራሱ ስለሚከፍት አይታወቅም። ባዮሱ ሲቀየር ግን ኮምፒውተሩ ባለቤቱን ይጠረጥራል፣ ቁጥሩን አምጡ ይላል። ከመቀየር በፊት እንዲህ ዓይነት ቁልፍ መኖር አለመኖሩን ማየት የሙያችን ሀሁ ነው። አላየሁም።

"ጋሼ፣ ቁጥር ይፈልጋል፤ የት ነው ያስቀመጡት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ፍላሹ ላይ ነዋ። ልጁ ሲሰጠኝ ከኮምፒውተሩ አይለዩት ስላለኝ በክር አስሬ ኪሱ ውስጥ ከተትኩት" አሉኝ።

ፍላሹ እጄ ላይ ነበር። የጠፋውን የሚመልስ ፕሮግራም ያለኝን ሁሉ ሞከርኩ፤ ከላዩ ሌላ ነገር ስለተጻፈበት አልተገኘም። በ6፡00 መብራቱ ሄደ፤ ሁለታችን ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን። ቁልፉን የሠራው ልጅ የት እንዳለ ማንም አያውቅም፤ በሌላ ቦታ መቀመጡንም ስጠይቅ ሌላ ቦታ የለም አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ ደምበል አካባቢ ያሉ ባለሙያዎችንም አማክሬያለሁ። ያንን ቁጥር በግምት ማግኘት አይቻልም። መዝገቡ ዲስኩ ውስጥ ሙሉውን አለ። የሚያወጣው የለም።

አቶ አጥናፉ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ስማ፣ ይህን ለማንም አትናገር። አንተ የራስህን ሱቅ ገና መክፈትህ ነው፤ የሰው መዝገብ አጠፋ ከተባልክ ማን ዕቃውን ያምንሃል? እኔ ጣልኩት እላለሁ። ሽማግሌ ዕቃ ቢጥል ማን ይገርመዋል" አሉኝ። እኔም "አይሆንም ጋሼ" አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልኩት። ለኮሚቴውም ፍላሹን ጣልኩት ብለው ነገሩ፤ እዚያው ስብሰባ ላይ "መቼም አርጅተዋል" ተብሎ ተሳቀባቸው። ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ ናቸው።

ከዚያ እንደገና ሀ ብለው ጀመሩ። ደብተር ገዝተው በየቀኑ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ጉልበታቸው ግን እንደ አምናው አልነበረም፤ ሰዉም የተከራየውን ለቆ፣ ስልኩን ቀይሮ አስቸገራቸው። ማታ ሲመለሱ በሱቄ በኩል ያልፉና "ዛሬ ሦስት አገኘሁ"፣ "ዛሬ ባዶ እጄን ነኝ" ይሉኝ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፈሰስኩ፤ የለቀሙት እሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. የቀድሞ ጎረቤታችን ወይዘሮ ቡዜ አረፉ። ልጃቸው ናኦድ ለአቶ አጥናፉ ደውሎ አረዳቸው። እሳቸውም እሺ፣ ለዕድሩ እነግራለሁ አሉት። ምን ይበሉ? በደብተራቸው የነበሩትን ደወሉ፤ ወደ ሌሎቹ የሚደርሱበት መንገድ አልነበራቸውም። በማግሥቱ ቀብር ላይ እኔም ነበርኩ። ቆጥሬያለሁ፤ ከዕድሩ የመጣነው አሥራ አንድ ነን። ወይዘሮ ቡዜ በሰፈራችን ለቅሶ ላይ ውሃ ቀድተው፣ ድንኳን አስተክለው፣ የማያልቅ ወጥ ሠርተው የኖሩ ሴት ናቸው። ናኦድ የማንንም እጅ ሳይጨብጥ ከቀብሩ ወጣ።

ሰኞ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ሲሆን አቶ አጥናፉ በሱቄ ውስጥ ከደረጃው አጠገብ ቆመው የዕለቱን እያወሩኝ ነበር። ናኦድ ብቻውን ወርዶ መጣ። የጠጣ አይመስልም፤ በእጁ ምንም አልያዘም። የተባባሉትን እንደሰማሁት እናገራለሁ።

"ጋሽ አጥናፉ፣ እናቴ የቀረችበት ቀብር ነበር?" አላቸው።

"አልነበረም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ለእሷ አሥራ አንድ ሰው? አሥራ አንድ! ሳጥኑን እኮ ከመኪናው ሹፌር ጋር ነው የተሸከምነው። ዘመዶቻችን ይቺ ሴትዮ ምን ብታደርጋቸው ነው አሉ። እሺ አላሉኝም? ደውዬልዎት እሺ አላሉኝም?"

"ብዬሃለሁ። የሰዉ ስልክ የነበረበት ነገር ጠፍቶብኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"እንዴት ይጠፋል? በቃ፣ ሰው ዕቃ ነው እንዴ የሚጠፋው?"

በዚህ ጊዜ እኔ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበርኩ። አንድ ነገር ብቻ ነበር መናገር የነበረብኝ፦ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያልኩት ግን "ናኦድ፣ ተረጋጋ" ነው። አቶ አጥናፉ ዞር ብለው አዩኝና በእጃቸው ዝም በል የሚል ምልክት ሰጡኝ። ምልክቱን ተቀበልኩ። ወደ እሱ ዞረው ገና "ይቅርታ" ሲሉ ናኦድ በሁለት እጁ ደረታቸውን አንድ ጊዜ ገፋቸው። ወደ ኋላ ወድቀው የራስ ቅላቸው የመጀመሪያውን ደረጃ ጠርዝ መታው። ከዚያ ሌላ አልነካቸውም። ወዲያው ተንበርክኮ "ጋሼ፣ ጋሼ" እያለ ያነሳቸው እሱ ራሱ ነው፤ ደረጃውን የወጣውም እሳቸውን ተሸክሞ ነው። ታክሲ አስቁመን ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ከወደቁ ጀምሮ አልነቁም። ማክሰኞ ከማለዳው 12፡40 አረፉ።

ናኦድ ሰው ለመግደል አስቦ መምጣቱን አውቅ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አልመሰለኝም ብያለሁ። ገፍቷቸዋል፤ አልገፋቸውም ብዬ አልመሰክርም። ነገር ግን የገፋው መዝገቡን ያጠፋውን ሰው መስሎት ነው፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ይህን ያወቀው ትናንት ሐኪም ቤት ውስጥ፣ ፖሊስ ሳይወስደው በፊት፣ ከእኔ አፍ ነው። ሰምቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ስለ ኮምፒውተሩ በሕግ የምጠየቅበት ነገር ካለ እንድጠየቅ ፈቃደኛ ነኝ ስል መርማሪዋ ለብቻው የሚታይ ነው ብላኛለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ወጥቶ እንደነገረን ወይዘሮ አምሳለ አልጮኹም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ እኔ መጡና "ፍሬአብ፣ ተነስ ለዕድሩ ንገርልኝ። ማንም እንዳይቀር፤ እሱ ማንንም አስቀርቶ አያውቅም" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ፣ ሲወድቁ ያነሳሁትን ደብተራቸውን ስከፍት ባለፈው ወር የሰበሰቡት አርባ አንድ ቤተሰብ ነው። ስልክ ያነሱልኝ ሃያ ስድስት ናቸው። ከዚያ ካዛንቺስ ሄጄ ቤታችን በነበረበት ቦታ ቆምኩ፤ ሰፊ መንገድና ገና የተተከለ ሣር ነው፤ የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም። ለወይዘሮ አምሳለ ያልኳቸው እሺ እስከ አሁን አፌ ውስጥ አለ። ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ይህ የሰጠሁት ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። ያልተናገርኩት አልተጨመረበትም፤ እውነት ስለሆነ፣ ሐሰት ቢገኝበትም በሕግ እንደምቀጣ አውቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ከዚህ በታች እፈርማለሁ።

ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር እንዲጨመርልኝ ጠይቄአለሁ። መርማሪዋ ለጉዳዩ አግባብነት የለውም ብትለኝም ለምኛት ጽፋልኛለች። የአቶ አጥናፉ ቀብር ዛሬ ረቡዕ የካቲት 4 ቀን ከቀኑ 9፡00 ሰዓት በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን መዝገብ የሚያይ የካዛንቺስ ልጅ ካለ እንዲመጣ፣ ላልሰማም እንዲያሰማልኝ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ፍሬአብ ልዑልቃል
ቃሉን የተቀበለችው መርማሪ ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን ሰብሊ ሃብተአብ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡05