«በተቻለ መጠን»ን የቆረጡት እትዬ መቀስ

እትዬ መቀስ፣ ዛሬ በጡረታ ስንሸኝዎ አስቀድሜ ቂሜን ላውጣ። እዚህ የሕግ ማርቀቂያ ክፍል የገቡ ዕለት በራችን ላይ «ሠራተኞች በተቻለ መጠን በሰዓቱ ይግቡ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። እርስዎ ገና ወንበር ሳይሰጥዎት ከቦርሳዎ መቀስ አውጥተው «በተቻለ መጠን» የሚለውን ቆርጠው ጣሉት። በማግስቱ ያረፈድን ሁሉ ተገሠጽን። «ይቺ ሴትዮ ከየት መጣችብን?» ብለን ነበር፤ ይቅር ይበሉን።

ልማድዎንስ ማን ያጣዋል? ረቂቅ በደረሰ ቁጥር ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው «ዛሬ ሌባው ማነው?» ይላሉ። አንዳችን የኩባንያ ጠበቃ ሆነን ማምለጫ ቀዳዳ እንፈልጋለን። ቀዳዳ ያጣ «አንተማ ደግ ሰው ነህ፣ ለዚህ ሥራ አትሆንም» ይባላል።

ልጆችን ከኢንተርኔት ጸያፍ ምስል የሚጠብቀውን ሕግ ስንጀምር ግን ምስሉን የሚያሳዩት ኩባንያዎች እውነተኞቹ ጠበቆች መጡ። ሽቷቸው ቀድሟቸው ነው የገባው። «እኛ እኮ ዕድሜ እንጠይቃለን» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «አሥራ ስምንት ሞልቶሃል? አዎ የሚለውን ተጫን!» ጥበቃ ብለው ያመጡልን ይሄንን ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ። አንዱማ «ልጁ ከዋሸ ጥፋቱ የልጁ ነው» አለ። እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው «የዘጠኝ ዓመት ልጅ አታለለኝ ብሎ የሚያለቅስ ባለጸጋ ገና ዛሬ አየሁ» አሉት። ሰውየው ደንግጦ ብርጭቆውን ጨለጠ፤ ብርጭቆው ባዶ ነበር።

የእኛም ቤት ጉድ አያጣም። «አርቃቂዎቹ ምሳሌ ይሁኑ» ተብሎ ኮምፒውተራችን ላይ ማጣሪያ ተጫነ። ማጣሪያው ሥራውን የጀመረው የእርስዎን ረቂቅ በማገድ ነው፤ ጸያፍ ቃል አለበት ብሎ! ከጎኑ ግን አንድ የራቁት ምስል ማስታወቂያ እንደልቡ ብልጭ ድርግም ይላል። የኮምፒውተር ባለሙያውን ጠርተው «ልጄ፣ ዘበኛህ ባለቤቱን አስሮ ሌባውን አስገባ» አሉት።

ቀልዱ ይብቃኝ። ሴት ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ካርቱን ስታይ ያ ቆሻሻ ድንገት ስልኩ ላይ ብቅ አለባት። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አልተኛም አለች። እዚህ መጥቼ ሳለቅስ እርስዎ «አይዞሽ» እንኳን አላሉኝም። ወንበር ሳብ አድርገው «ነይ ልጄ፣ ማምለጫ የሌለው አንቀጽ አብረን እንጻፍ» አሉኝ። ኩባንያዎቹ የተመልካቹን ዕድሜ በእርግጥ ሳያረጋግጡ እንዳያሳዩ የሚያስገድደውን አንቀጽ ያን ቀን ጻፍነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንደዚያ ያጽናናኝ ሰው የለም።

ረቂቁ ሰኞ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ትናንት አለቃችን፣ እነሆ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ጠርተውኝ «ሴትዮዋ ከወጡ በኋላ እዚያ አንቀጽ ላይ ሁለት ቃል ጨምሪ፤ ኩባንያዎቹ ቅር እንዳይላቸው» አሉኝ። ሁለቱን ቃል እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፦ «በተቻለ መጠን»። ጌታዬ፣ መልሴን ሰው ሁሉ እየሰማ ልስጥዎት፤ አልጨምርም። ጨምሬ ቤቴ ብገባ ልጄን በየትኛው ዐይኔ አያታለሁ?

እትዬ፣ ጠረጴዛዎን ሲያጸዱ መቀሷን መሳቢያ ውስጥ ትተውልኛል። አግኝቻታለሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሡ! ለእትዬ መቀስ ጤና፣ ረጅም ዕድሜ፣ የልጅ ልጅ ጨዋታ፣ እስከ ረፋድ እንቅልፍ! አለቃችን፣ እርስዎም ያንሡ እንጂ። ኧረ ከፍ ያድርጉት፤ በተቻለ መጠን አይደለም፣ እስከ ላይ!