አባ ምላስና ባለ ብርሃኗ መሣሪያ

ሥራዬ ሚዛን መቆጣጠር ነው። የነጋዴ ሚዛን ያጎድል እንደሆነ ለማየት ከከተማ ከተማ ስለምዞር መናኸሪያ እንደ ሁለተኛ ቤቴ ነው። ባለፈው ክረምት አውቶቡሴ ዘግይቶ በአንድ መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ ዝናቡ ድንገት ወረደ፤ እኔም ያገኘሁትን በር ገፍቼ ገባሁ። የገባሁት የዕቃ መፈተሻ ክፍል ውስጥ ኖሯል።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ተቀብቷል። መሐል ላይ በቆርቆሮ የተለበጠ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ በጠረጴዛው ላይ ነጭ ዱቄት የያዘ የላስቲክ ከረጢት አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ሽበታም የፖሊስ ሹም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምላሳቸውን አውጥተው ቆመዋል። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ምላሳቸውን ታያለች። መነጽር ያደረገች አንዲት ወጣት ምላሳቸውን ታያለች። በር ጠባቂው ፖሊስም እንዲሁ። እኔም ሌላ የሚታይ ነገር ስላልነበረ አብሬ አየሁ።

«ደነዘዘ!» አሉ ሽማግሌው ምላሳቸውን መልሰው። «ጫፉ ድንዝዝ ብሏል። አለቀ፤ ኮኬይን ነው። ከሰዓት በኋላ መኪናው ሲመጣ ትሂድ።»

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» ብላ ሴትዮዋ ተነሣች። «ስታርች ነው አባቴ! የበቆሎ ስታርች! እኔ የሠርግ ኬክ ነው የምሠራው። የኬኩ ማልበሻ ሲዳመጥ እጅ እንዳይዝ የሚነሰነስ ነው።»

«የያዝነው ሁሉ መጀመሪያ ላይ ስታርች ነው» አሉ ረጋ ብለው። «አንዱ ጨው ይላል፣ አንዱ ወተት ይላል። ምላስ ግን አይዋሽም።»

ሰውየው ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። የፍተሻው ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ መናኸሪያው በሙሉ ግን «አባ ምላስ» ይላቸዋል። ቅጽል ስሙን እንደ ሹመት ነው የሚቆጥሩት። የተጠረጠረ ዱቄት ሲገኝ በጣታቸው ጫፍ ነክተው ይቀምሳሉ፤ ምላሳቸው ከደነዘዘ ባለ ዕቃው በእስረኛ መኪና ወደ ዋናው ከተማ ይላካል። ናሙናውም ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። የላብራቶሪው መልስ እስኪመጣ ሳምንታት ስለሚያልፉ ንጹሑም ጥፋተኛውም አብረው ይጠብቃሉ። ኬክ ሠሪዋ ደግሞ ትንሽ ልጇን እስከ ማታ ብላ ለጎረቤት ሰጥታ የወጣች ሴት ናት።

መነጽር ያደረገችው ወጣት የሃምሳ አለቃው የእህት ልጅ ነች። አደንዛዥ ዕፅ የሚለዩ መሣሪያዎች በሚሠሩበት ተቋም ትሠራለች።

«ጋሼ» አለች በትሕትና፤ «ሰው ከመላክዎ በፊት እባክዎ ይቺን መሣሪያ አንድ ጊዜ ይሞክሯት። ለዚሁ ብዬ አይደል የመጣሁት?»

«አጎትሽን ልትጠይቂ የመጣሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ለሁለቱም ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው አንዱን ጨርሰሻል። ደህና ነኝ።»

ልጅቱ አልተቀየመችም። ከቦርሳዋ ጡብ የምታክል ጥቁር መሣሪያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ነች? የእጅ ባትሪ ነች?»

«ብርሃን አላት፤ የእጅ ባትሪ ግን አይደለችም። ብርሃኗ ዱቄቱ ላይ አርፎ ሲመለስ ጥቂት ተለውጦ ይመለሳል። ስኳር በራሱ መንገድ ይለውጠዋል፣ ጨውም በራሱ፣ ኮኬይንም በራሱ። ስደውልልዎ ስሜን ሳልናገር በድምፄ ያውቁኝ የለ? እሷም የብዙ ሺህ ነገሮችን ድምፅ እንዳጠና ሰው ነች። ከረጢቱ መከፈት እንኳ አያስፈልገውም።»

«ሳይከፈት?»

«በላስቲክና በብርጭቆ ውስጥ ታያለች። በካርቶንና በቆርቆሮ ውስጥ ግን አታይም። ዕፁ በጣም ጥቂት ሆኖ ከሌላ ነገር ጋር ከተደባለቀም ሊያመልጣት ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የላብራቶሪው ነው።»

«አያችሁ! ጉድለቷን ራሷ አወጣችው!» አሉ ሃምሳ አለቃው ወደ እኛ ዞረው።

«ጉድለቷን ካልነገርኩዎ እንዴት ያምኑኛል?»

ይህ መልስ ደስ አሰኘኝ። በእኔ ሥራ «ሚዛኔ ተሳስቶ አያውቅም» የሚል ነጋዴ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምፈትሸው የእሱን ነው።

ሃምሳ አለቃው ግን ገና መሟሟቃቸው ነበር። «ባትሪዋ ሲያልቅስ?»

«ይሞላላታል።»

«መብራት ጠፍቶ ቢሰነብትስ?»

«ትርፍ ባትሪ አላት።»

«ብትወድቅስ? ምላስ ወድቆ አይሰበርም፤ ባትሪ አይበላም፤ ለጥገና ውጭ አገር አይላክም!»

«ሲሳሳትስ ማን ያርመዋል?» አለች ኬክ ሠሪዋ።

«አንቺ እስረኛ ነሽ፣ ዝም በይ።»

«ከታሰርኩማ ምን ዝም ያሰኘኛል? ከዚህ በላይ ምን ልታደርጉኝ?»

በር ጠባቂው ሳቁን ለመደበቅ ሳል ጀመረ። ልጅቱ በዚህ መሐል የከረጢቱን አፍ አሥራ መሣሪያዋን በላስቲኩ ላይ አስጠጋች። ትንሽ ብርሃን ፈነጠቀች፤ ወዲያው በስክሪኗ ላይ «የበቆሎ ስታርች» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ኬክ ሠሪዋ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ሃምሳ አለቃው ግን ጽሑፉን ሁለቴ አንብበው ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ሴትዮዋ ስታወራ ሰምታ ነው!»

«ጋሼ፣ ጆሮ እኮ የላትም።»

«ድምፅ ታጠናለች ያልሽው አንቺ አይደለሽም? እንዲህ ያለው ምስክር ፍርድ ቤት ቢሄድ አይቆምም። እኔ ልፈትናት፤ ከእኔ በቀር ማንም በማያውቀው ነገር።»

ይህን ብለው ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ዱቄት አወጡ። መሣሪያዋ እንዳትሰማ ይመስላል ለእኔ ብቻ በጆሮዬ «የጥርስ መድኃኒቴ ነው» አሉኝ። ልጅቱ ብርሃኑን አበራች። አነበበች። መነጽሯን አስተካክላ እንደገና አነበበች።

«ሊዶኬይን ይላል።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ማደንዘዣ ነው። የጥርስ ሐኪም ከመንቀሉ በፊት ድድ ላይ የሚወጋው። ከየት አመጡት?»

«መድኃኒት የሚያዞር አንድ ሰው ነው የሸጠልኝ። ጥርሴ ላይ ስነሰንሰው ሕመሙ ጸጥ ይላል፤ መቼም እጁ የተባረከ ነው።»

«ዛሬ ነስንሰዋል?»

«ጠዋት ነስንሻለሁ። ኋላም ሲጠዘጥዘኝ ሴትዮዋ ልትገባ ስትል…»

ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም።

«ታዲያ አባቴ» አለች ኬክ ሠሪዋ፤ «ያደነዘዘዎት የእኔ ዱቄት ነው የራስዎ?»

«አይሆንም! የእኔ ምላስ ማንን ከማን እንደሚለይ ያውቃል!»

እዚህ ላይ እንግድነቴን ረስቼ ገባሁበት። «ጌታዬ፣ ክርክሩን በቀላሉ መጨረስ ይቻላል። ሚዛን ስጠረጥር ልኩን የማውቀውን ድንጋይ እጭንበታለሁ። እርስዎም ንጹሕነቱን ሁላችን የምናውቀውን ነገር ይቅመሱ።» ብዬ ብልሹ ሚዛን የማመለክትበትን ጠመኔ ሰጠኋቸው።

ሃምሳ አለቃው እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ላሱት። ብዙ ቆዩ።

«ደነዘዘ» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ጠመኔውን ልመዝግበው ጌታዬ?» አለ በር ጠባቂው።

ሃምሳ አለቃው በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው የዝናብ ውሃ ተቀብለው ቀመሱ። ፊታቸው ወረደ። «ውሃውም ያደነዝዛል።»

«እንግዲህ ደመናውን እሰሩት!» አለች ኬክ ሠሪዋ።

ልጅቱ ግን አልሳቀችም። አጎቷ አጠገብ ቀረብ ብላ እንዲህ አለቻቸው፦ «በእርስዎ ደንብ ከሄድን የሚያደነዝዝ ዱቄት የተገኘው በእርስዎ ኪስ ነው፤ በዛሬው መኪና የሚሄዱት እርስዎ ነበሩ። ኮኬይንም ያደነዝዛል፣ ይህም ያደነዝዛል፤ ምላስ መድኃኒት ቢነካውም ባይነካውም ሁለቱን አይለያቸውም። ዛሬ ከክስ ያዳነችዎ ይቺው የተጠራጠሯት ነች።»

ሃምሳ አለቃው ቆባቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። የእሷን ጥቅም መቼ አጣሁት? ግን እሷ ከገባች እኔ ምን ልሠራ ነው? አባ ምላስ ያለ ምላስ ምንድን ነው?»

«እኔም እውነቱን ልንገርዎ ጋሼ። ዛሬ የሚሠራው ዕፅ እንደ ድሮው አይደለም፤ የጨው ቅንጣት የምታህለው ሰው ትገድላለች። እናቴ ደውላልዎ ስልኩ ካልተነሣ ያን ቀን ቤታችን ራት አይበላም፤ ‹ዛሬ ምን ቀምሶ ይሆን› እያልን ነው የምናድረው። ይህን ሥራ የመረጥኩት በምላስዎ ምክንያት ነው።»

«ከሥራ ልታባርሪው?»

«ላተርፈው። ደግሞ ሥራ ሞልቶልዎታል። መሣሪያዋ የትኛው መንገደኛ ላብ እንደሚያጠምቀው፣ የትኛው ሻንጣ ድርብ ወለል እንዳለው አታውቅም፤ ያ የእርስዎ ዓይን ሥራ ነው። የምታውቀውም ያስተማርናትን ብቻ ነው። በየገበያው የሚሸጠውን ዱቄት ሁሉ ሰብስቦ የሚያስተዋውቃት ሰው ያስፈልገናል፤ የወተት ዱቄቱን፣ የልብስ ሳሙናውን፣ ኖራውን፣ ጂፕሰሙን…»

«ጂፕሰም አልሽ?» አሉ ሃምሳ አለቃው ድንገት።

«አዎ፣ ለምን?»

«ግድግዳ የሚለስን ልጅ ነበር። ከረጢቱን ይዞ ሲያልፍ ያዝኩት። ‹ጂፕሰም ነው› እያለ አለቀሰ። እኔም ‹ምላስ አይዋሽም› አልኩት።»

«ጥርስዎን የጀመረዎት መቼ ነው?»

«ክረምቱ ሳይገባ። ልጁን የያዝኩት ከገባ በኋላ ነው። እስካሁን ዋናው ከተማ እንደ ታሰረ ነው፤ የላብራቶሪው መልስ አልመጣም።»

ቀልደኛዋ ኬክ ሠሪም በዚህ ጊዜ አግዳሚው ወንበር ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

የእስረኛው መኪና ደረሰ። ሹፌሩ በበሩ አንገቱን አስግጎ «የዛሬ እስረኛ የታለ?» ሲል ሃምሳ አለቃው በኬክ ሠሪዋ ፊት ቆመው ነበር።

«እህቴ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ። ሂጂ፣ አውቶቡስሽ እንዳያመልጥሽ።»

«ይቅር ብያለሁ አባቴ» አለች ከረጢቷን እያየች። «ግን ጣትዎ የገባበትን ስታርች ለሙሽራ አላቀርብም። ይኸው፣ ለመታሰቢያ ይያዙት።»

ሃምሳ አለቃው ከረጢቱን ለእህታቸው ልጅ ሰጡና ቆባቸውን አድርገው ወደ ሹፌሩ ዞሩ።

«እስረኛ የለም፤ ምስክር አለ። ልጁን እንዴት እንደያዝኩት ለዐቃቤ ሕጉ በገዛ አፌ እናገራለሁ። አንቺም ልጄ፣ መሣሪያሽን ይዘሽ ነይ፤ ከናሙናው የተረፈው የልጁ ከረጢት እዚያው በኤግዚቢትነት ተቀምጧል፤ አብሪበት።» ከዚያም ሹፌሩን «በመንገዳችን ላይ የጥርስ ሐኪም አለ?» ሲሉ ሰማሁ። ለእስረኛ የተዘጋጀው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሄዱ።

ከወራት በኋላ ለሥራ በዚያው ሳልፍ ወደ ክፍሉ ጎራ አልኩ። መሣሪያዋ የግድግዳ ለሳኙን ልጅ ከረጢት «ጂፕሰም» ስላለች ናሙናው በላብራቶሪው ቅድሚያ አግኝቶ፣ ውጤቱ ሲረጋገጥ ልጁ ተፈትቶ ነበር። አሁን ማንም ዱቄት አይቀምስም፤ ከረጢት ሳይከፈት በብርሃን ይታያል፤ የተጠረጠረው ብቻ ታሽጎ ለላብራቶሪ ይላካል። ንጹሑ አውቶቡሱ ሳያመልጠው ይሄዳል፤ ላብራቶሪው በስታርችና በጂፕሰም ስለማይጨናነቅ መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ ፈታሾቹም በጤና ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ከሁሉ የሚደንቀው ፍተሻው አለመላላቱ ነው። ሃምሳ አለቃው የአንዱን ነጋዴ አረማመድ ጠርጥረው ሻንጣውን ሲያስፈትሹ ድርብ ወለል ተገኘ፤ መሣሪያዋም ከወለሉ ሥር የወጣውን ዱቄት ለየችው፤ ላብራቶሪውም አጸናው። አሮጌው ዓይንና አዲሷ ብርሃን እየተጋገዙ የሠሩትን ያ ምላስ ብቻውን በዘመኑ ሁሉ አልሠራውም። አዲስ መሣሪያ የሚፈራ ሹም ካለ ይህን ያስብበት፦ መሣሪያው የሚወስድበት ስሕተቱን እንጂ ክብሩን አይደለም።

እኔ እዚያው ሳለሁ ግድግዳ ለሳኙ ልጅ ወደ ሥራ ሊያልፍ መጣና ከረጢቱን ራሱ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ብርሃኗ በርታ ጠፋች፤ «ጂፕሰም» አለች። ሃምሳ አለቃው ከረጢቱን በሁለት እጃቸው አንሥተው መልሰው ሰጡት፤ እስከ አውቶቡሱ በር ድረስም ሸኙት።